በጥዶቹ ሥር የቀረው ሣር

ውድ እናቴ፣

ይህ ወረቀት ሲደርስሽ የዳሌሽ ሕመም ቀለል ብሎሽ፣ ምርኩዙን ትተሽ በሰው ክንድ መራመድ ጀምረሽ እንዲያገኝሽ ምኞቴ ነው። እንቅልፍሽስ እንዴት ነው? ያረፍሽበት የማገገሚያ ቤት ምግብ ጨው የለውም ብለሽ ወጥ ቤት ድረስ መልእክት እንደላክሽ አክስቴ ኤልዳ ስትነግረኝ ሳቅሁ። ጨው ካማረሽ ደህና ነሽ ማለት ነው። እኔም ጤናዬ ደህና ነው፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራዬን እሠራለሁ። ደህና ያልሆነው ሌላ ነገር ነው፤ የምጽፍልሽም ስለ እሱ ነው።

ስለ ኦርሊን ጤና አልጠይቅሽም፤ አሁን አጠገብሽ ተቀምጦ ይህን ወረቀት የያዘው እሱ ነውና። ዓይንሽ ፊደል መለየት ካቆመ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ያን ሁሉ መንገድ እየነዳ መጥቶ ደብዳቤዎቼን የሚያነብልሽ ወንድሜ እንደሆነ አውቃለሁ። ልጆች ሳለን አንቺ ሊጥ ስታቦኪ ጋዜጣ ያነብልሽ እንደነበር ታስታውሺያለሽ? የሞት ወሬ ሲያጋጥመው፣ ይልቁንም የሕፃን ሞት ከሆነ፣ ይዘለው ነበር። ሲዘል ድምፁ ከፍ ይልና ይፈጥናል፣ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው። አንቺም እጅሽን ከሊጡ ሳታወጪ፣ ቀና እንኳ ሳትዪ፣ "ኦርሊን፣ ተመለስ" ትዪው ነበር። ዛሬም ድምፁ ከፍ ካለብሽ እንደዚያው በይልኝ።

ነገሬን ከወንበርሽ ልጀምር። በስንዴው አጨዳ ሰሞን ለአንድ ቀን ወደ ቤት እንዲያመጡሽ እንደጠየቅሽ፣ ከምሳም በፊት ወንበርሽ ጥዶቹ ሥር እንዲወጣልሽ እንዳዘዝሽ ኤልዳ ነግራኛለች። ኦርሊንም እሺ ብሎሻል አሉ። እሺ ያለሽ እምቢ የሚልበት አንደበት ስላጣ ነው። ጥዶቹ የሉም፣ እማዬ። ከመንገዱ ጥግ ጀምሮ እስከ ጎተራው ድረስ አንድም አልቀረም። ሚያዝያ ላይ ሜዳውን ስናቃጥል እሳቱ በላቸው። ዳሌሽ እስኪጠና ማንም እንዳይነግርሽ ኦርሊን ጎረቤቱን ሁሉ ለምኖ ነበር፤ ሰዉም ቃሉን ጠበቀለት። እጁ ላይ የዳሰስሽው ጠባሳም የትራክተር ጭስ ማውጫ ያቃጠለው አይደለም።

አሁን ትንሽ ዕረፊ። ውሃ ጠጪ። እሱም ይጠጣ።

እነዚያን ዛፎች እንዴት እንዳሳደግሻቸው አላውቅም ነበር ልል አልችልም። አባዬ ሙሽራ አድርጎ ሲያመጣሽ ቤቱ ራቁቱን ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ነፋሱ በአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው እየወጣ፣ አንቺ አልቅሰሽ፣ በማግስቱ ሁለታችሁ ጥድ ለመትከል ጉድጓድ መቆፈር እንደጀመራችሁ ስንት ጊዜ ነግረሽኛል። ሰማዩ ሲደርቅ በወተት ጋን ውሃ እየተሸከምሽ ነው ያተረፍሻቸው። ዓይንሽ ከደከመ በኋላ ደግሞ ነፋሱን የምትለዪው በእነሱ ነበር። በረንዳው ላይ ተቀምጠሽ፣ "የደቡብ ነው፣ ልብሱን አስጡት" ትያለሽ፤ ወይም "ዛሬ ሰሜን ነው፣ ጥጆቹን አስገቡ"። ተሳስተሽ አታውቂም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው የጠላኋቸው።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፣ ባትወጂውም። ሜዳው ላይ በእንጨት የተሠራ አራት ማዕዘን እጥልና በውስጡ ያለውን ሣር ሁሉ አንድ በአንድ በስሙ እጠራለሁ፤ የትኛው እንደበዛ፣ የትኛው እንደጠፋ፣ ሥሩ የት ድረስ እንደወረደ እጽፋለሁ። ጋሽ ዊሊስ ኡንሩ ቤተ ክርስቲያን ምሳ ላይ ስንገናኝ ሁልጊዜ፣ "እንደዚህች ልጅ ሣር ላይ የሚውል ከብት ቢኖረኝ ኖሮ ይኼኔ ሀብታም ነበርኩ" ይላሉ፤ ሰው ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ያ ሣር ግን ተራ ሣር አይደለም። ሥሩ ከቁመቱ ይበልጣል። በዚህ አገር፣ በካንሳስ፣ ማረሻ ያልነካው መሬት በየጥጉ እንደ እራፊ ጨርቅ ነው የቀረው፤ የኛ ሜዳ ከእነዚያ እራፊዎች አንዱ ነበር። ጥድ ደግሞ የሣር ጠላት ነው። ወፎች ፍሬውን ይበሉና ሜዳው ላይ ይጥሉታል፤ ችግኙ ይበቅላል፤ ውሃውንና ብርሃኑን ይወስዳል፤ ሲያድግ ከሥሩ አንድ ዘለላ አይበቅልም። የአንቺ ጥዶች በየዓመቱ ወደ ሜዳው አንዳንድ እርምጃ እየገቡ ነበር። ይህን አጥንቼ ጽፌዋለሁ፣ ታትሟልም። እንቁረጣቸው ብዬ ስለምንሽ ከእኔ ቀድመው አይሞቱም አልሽኝ።

አሁን ወደ በደሌ ልምጣ። የተበደልኩትን ማለቴ ነው፤ የሌላውም ተራው ይደርሳል።

አባዬ በሕይወት ሳለ፣ አንቺም ባለሽበት፣ ኦርሊንም ባለበት ገበታ ላይ ያለውን አልረሳሁም፤ እናንተም አልረሳችሁም። እኔን እያየ፣ ሜዳው ለእሷ ይሁን፣ ስንዴ የትም ይበቅላል ነበር ያለው። ማንም አልጻፈውም። ሲሞት መሬቱ እንደ ደንባችን ለወንድ ልጁ ሆነ፤ አንቺም ፈረምሽ። እኔ ዝም አልኩ፤ ቃሉ ከወረቀቱ ይበልጣል ብዬ አምኜ ነበር። ባለፈው መስከረም እኔ ለስብሰባ በሄድኩበት ሳምንት ኦርሊን የሜዳውን ምሥራቃዊ ግማሽ አረሰው። ጥናቴ በአብዛኛው ያለበትን ግማሽ። ስመለስ ምልክት ብዬ የተከልኳቸውን ብረቶች አንድም ሳይጎድል ነቅሎ፣ አፈሩን አራግፎ፣ በባልዲ በረንዳው ላይ አስቀምጦልኛል። እኔን ያሳበደኝ ባልዲው ነው። ቢጥላቸው ኖሮ ክፉ ሰው ነው ብዬ ልጠላውና ልገላገል እችል ነበር።

ምን አደረግህ አልኩት። ስንዴ ነው የዘራሁት እንጂ መርዝ አልዘራሁም አለኝ። ዕዳው ይህን ቤት ሊበላው እንደሆነ፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ ደመወዝ እንዳለኝ፣ እሱ ግን ከሰማይና ከአፈር በቀር አሠሪ እንደሌለው ነገረኝ። "ደግሞ ሣር ነው፣ እህቴ" አለኝ። "ይበቅላል።" እንደማይበቅል ልነግረው ሞከርኩ። አንዴ የተገለበጠ እንዲህ ያለ መሬት በእሱ ዕድሜም በልጆቹ ዕድሜም ወደነበረበት እንደማይመለስ ነገርኩት። የኛን ሰዎች ግን ታውቂያለሽ። ቅድመ አያቶቻችን ከሩስያ ሲመጡ ስንዴ በሣጥን ይዘው ነው ባሕር የተሻገሩት፤ ያልታረሰ መሬት በዓይናቸው ያልታጠበ ልጅ ነው። ኦርሊን ያንን ልጅ ያጠበ መስሎት ነበር።

ልከሰው ነበር። ይህን ታውቂያለሽ። ጠበቃም አናግሬ ነበር። ከዚያ ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሽማግሌዎች በአንዱ ራስ ላይ ሌላው ተደርቦ የሚጋገረውን የኛን ዳቦ ይዘው መጡና፣ እኛ ሜኖናይቶች ወንድምን ፍርድ ቤት አናቆምም፣ ሂጂና ለብቻው አናግሪው አሉኝ። አናገርኩት። ቀና ሳይል እያዳመጠኝ ሳህኑ ላይ ያለውን ጨረሰ። ካዳመጠ በኋላም የቀረውን ግማሽ የዘንድሮ ድርቆሽ ከታጨደ በኋላ እንደሚያርሰው ነገረኝ። አንቺ ደግሞ በስልክ፣ ልጄ ተይው አልሽኝ። ክሱን ተውኩት። ቂሙን ግን ተይ ያለኝ የለም፤ ቢኖርም አልሰማውም ነበር።

እንግዲህ ሚያዝያን ልንገርሽ። አሁን ቀስ ብሎ ያንብብልሽ።

ሜዳ እንዴት እንደሚቃጠል ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ለአባዬ ስንት ዓመት የውሃውን ጋሪ ነድተሽለታል። ነፋሱ የደቡብ ነበር፣ ለስላሳ። የደቡብ ነፋስ ሲሆን መጀመሪያ የሚቃጠለው ሰሜኑ ነው፤ በጥዶቹ ጥግ እየተሄደ ሣሩ በነፋሱ ላይ ወደ ኋላ እንዲነድ ይደረጋል፤ ዝግ ብሎ፣ ዝቅ ብሎ፣ ጥቁር ቀበቶ እስኪሠራ። ያ ቀበቶ ከሰፋ በኋላ ብቻ ነው ደቡቡ የሚለኮሰው። ያን ጊዜ ዋናው እሳት እየሮጠ መጥቶ ጥቁሩ ላይ ሲደርስ የሚበላው አጥቶ ይሞታል። ዛፎቹም ከጀርባው ቆመው ያዩታል። አባዬ በየዓመቱ እንዲያ ነው ያደረገው፤ በየዓመቱም ጥዶቹ አመድ እንኳ ሳይነካቸው አረንጓዴ ሆነው አድረዋል።

ዘንድሮ ሰሜኑን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ደቡቡን ኦርሊን። ጋሽ ዊሊስና ሁለት ጎረቤቶች በውሃ ታንከር ዳር ዳሩን ይጠብቁ ነበር። ነዳጅ የሚያንጠባጥበውን ችቦ ይዤ ከምዕራቡ ጥግ ተነሣሁ። ቀበቶው እየሰፋ፣ እኔም እየተከተልኩ፣ እስከ መካከሉ ድረስ ሄድኩ። እዚያ መካከሉ ላይ ነው የጥድ ችግኞቹ ከሁሉ ይልቅ ተጨናንቀው የበቀሉት፤ ከእናቶቻቸው ሥር ጀምሮ እስከ ቀረልኝ የጥናት መሬት ድረስ፤ ወገቤ ድረስ የሚደርሱ። ወደ ኋላ የሚነድ ዝግተኛ እሳት ችግኝ አይገድልም። እግሩን ይልሰዋል እንጂ አናቱ ላይ አይደርስም። የሚገድለው የሚሮጠው እሳት ነው። ይህንንም ጽፌዋለሁ፣ እሱም ታትሟል።

እዚያ ቦታ ላይ ነዳጁ እንዳይንጠባጠብ ችቦዬን ቀና አደረግሁ። ከዚያ ወዲያ ማዶ እንደገና ዝቅ አድርጌ ቀጠልኩ። በጥዶቹ ሥር ካለው ሣር ያ ብቻ ሳይቃጠል ቀረ፤ ቢጫ፣ ረጅም፣ የከረመ። ትንንሾቹን ፈልጌ ነው። ትንንሾቹን ብቻ ፈልጌ ነው ብዬ እየጻፍኩልሽ ነው፣ እማዬ። ረሳሁ ማለት አልችልም። አንድ ጥቁር ቀበቶ ስንት እርምጃ መስፋት እንዳለበት ተማሪዎቼን የምፈትን ሰው ነኝ።

ከዚያ ወገቤ ላይ ያለው የመነጋገሪያ ሬዲዮ ጮኸ። ኦርሊን ነበር። ነፋሱ እየበረታ መምጣቱን ነገረኝና፣ "ሰሜኑ ጠቁሯል ወይ?" አለኝ።

"ጠቁሯል" አልኩት። "ለኩስ።"

ጥድ ሲነድ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው አልነግርሽም። ቅባት አለው፤ ይህ ይበቃል። አንዱ ለሌላው እያቀበለው እስከ ጎተራው ወረደ። ጎተራውንና ቤቱን እነ ጋሽ ዊሊስ በውሃ አተረፏቸው፤ እሳቱ ግን መንገዱን ዘሎ የእሳቸውን አጥርና አንድ ክምር ድርቆሽ ወሰደ። ኦርሊን ከደቡብ ሜዳውን ዞሮ ሲሮጥ አየሁት። በረንዳሽ ፊት ለፊት ያለችውን፣ ወንበርሽ የሚቀመጥባትን ጥድ በእርጥብ ጆንያ እየመታ ሊያድናት ሞከረ። እጁ የተቃጠለው እዚያ ነው። ጎትተው ነው ያወጡት።

ሲበርድ ሁሉም ጥቁር ነበር። ለማያውቅ ሰው አመድ አመድ ነው። እኔ ግን አውቃለሁ፤ ዝግተኛው እሳት ሣሩን እስከ መሬት ይበላዋል፣ የሚሮጠው ደግሞ የአገዳውን ቁራጭ መሬት ላይ ትቶት ያልፋል። ኦርሊንም ያውቃል። እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ በሰሜኑ በኩል ብቻውን ሄደ። መካከሉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ ብሎ መሬቱን አየ፣ ወደ ምዕራብ አየ፣ ወደ ምሥራቅ አየ። ከዚያ ያንን የቀረውን ቁራጭ ሁሉ በቦት ጫማው እየረገጠ፣ እያሸ፣ ከአመዱ ጋር አደባለቀው። ከብት ሲያባርር እንደነበረ ሰው ዝግ ብሎ ተመለሰ። ከእኔ ጋር ሲገናኝ ውሃ አለሽ ወይ አለኝ። ሰጠሁት።

ከጌታ እራት በፊት ባለው እሑድ፣ ደንባችን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ቂም ያለበት እንዲታረቅ፣ የበደለ እንዲናገር መጋቢው ሲጠይቁ ኦርሊን ተነሣ። "እሳቱን የለኮስኩት እኔ ነኝ" አለ። "ሰሜኑን ሄጄ በዓይኔ ሳላይ ለኮስኩ። ጋሽ ዊሊስን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እናቴን ደግሞ ጊዜው ሲደርስ እጠይቃታለሁ።" አየሽ፣ አንዲት ቃል እንኳ ውሸት የለበትም። ጋሽ ዊሊስ ተነሥተው አቀፉትና፣ አጥሩ ከእኔ በላይ አርጅቶ ነበር፣ ማን ይገላግለኝ እያልኩ ነበር አሉ። ሰው ሳቀ፣ አለቀሰ። በማግስቱ ችካል ያለው ችካል፣ ጉልበት ያለው ጉልበት ይዞ መጥቶ አጥሩን ሠራላቸው።

እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። መዝሙሩን ዘመርኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ በእሱ ነው የማፍረው። በሳምንቱ የጌታ እራት ኅብስት ሲዞር ከወንድሙ ጋር ያልታረቀ አይውሰድ ሲባል ሰማሁ፣ ወሰድኩም። ኦርሊን ከጎኔ ነበር። ሳህኑን ያቀበለኝ እሱ ነው፣ በዚያ በተጠቀለለ እጁ።

ከዚያ አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለሁ ሜዳው ድረስ መጣና የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። ያልታረሰውን ግማሽ ለእኔ ያደረገበት የስጦታ ወረቀት ነው፤ ፈርሞበታል። የካውንቲው የመሬት መዝገብ ጽሕፈት ቤት ወስጄ ማስመዝገብ ብቻ ነው የቀረኝ። ለምን አልኩት። ወደ ተቃጠሉት ግንዶች አላየም። "ዛፉስ ሄደ" አለኝ። "ሣሩ እንኳ ይቅር።"

ተበድዬ ሳለሁ ያላገኘሁትን አሁን አገኘሁ። በእጄ ይዤው ቆምኩ። የአባዬ ቃል በመጨረሻ ወረቀት ላይ ወጣ፤ ደስታ ግን የት እንደሄደ እንጃ።

ሜዳውን አሁን ብታዪው። ከእሳቱ በኋላ ዝናቡ ጥሩ ጣለ። ስሙን ጠርቼ የማላውቀው አበባ ሁሉ ወጥቷል። የጥድ ችግኞቹ አንድም ሳይቀሩ ሞተዋል፣ እኔ እንዳልኩት። የሣር ጥናቱን ያስተማሩኝ መምህሬ መጥተው አይተው፣ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ውጤት አላየሁም አሉኝ። የሚሉት እውነት ነው። በሰሜን በኩል ቀና ስል ግን ሰማዩ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ነፋሱ ሲመጣም ከየት እንደመጣ የሚናገር የለም።

ኦርሊን ያንን ምሥራቃዊ ግማሽ ማረሱ ስሕተት ነበር። ይህን አልመልሰውም፤ አርጅቼም እለዋለሁ። የአባዬን ቃል መርገጡም ስሕተት ነበር፣ አንቺም መፈረምሽ። ማንም ልጄ ተይው ቢለኝ አልተውም። ግን ያ አንድ ነገር ነው፣ ጥዶቹ ሌላ ነገር ናቸው። አንዱን ለሌላው ማወራረጃ አድርጌ ስንት ቀን ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ስለዚህ በዚሁ ፖስታ ውስጥ ሌላ የታጠፈ ወረቀት ታገኛላችሁ። ለአንቺ አይደለም፤ ለሚያነብልሽ ነው። አላስመዘገብኩትም። እሱ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብሎ እስከ መጨረሻው ካነበበልሽ በኋላ፣ ሁላችንም የሆነውን ካወቅን በኋላ፣ አሁንም ሊሰጠኝ ከወደደ ይስጠኝ። ካልወደደ ድርቆሹ ሲነሣ ይረሰው። አልለምነውም፣ አልከሰውም። እንዲያርሰው ግን አልፈልግም፤ ይህንም ዋሽቼ አላልፍም።

ለአጨዳው ስትመጪ ወንበርሽን የት እናውጣልሽ? ልትነግሪኝ ከወደድሽ ሜዳው ዳር ላወጣልሽ አስቤ ነበር። ሰኔ ላይ ሣሩ ከጉልበት ያልፋል፤ ነፋስ ሲነካው ድምፅ አለው። እንደ ጥዶቹ ወፍራም አይደለም፣ ጠጋ ማለት ይፈልጋል። አጠገብሽ ተቀምጬ ከየት እንደሚነፍስ እነግርሻለሁ፣ እስክትለምጂው። እንዳልመጣ ከፈለግሽም በኤልዳ ላኪብኝ፤ እቀራለሁ።

አምላክ ዳሌሽን ያጽናልሽ፣ እንቅልፍሽን የሕፃን ያድርግልሽ። የሚያነብልሽን ሰው እጅ ይፈውስልሽ። ቤታችን ከነፋስ የሚከልለው ነገር እስኪያገኝ ድረስ እሱ ራሱ ይከልለው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ፣ እማዬ። "ጠቁሯል፣ ለኩስ" የሚለውን ቦታ ሰምተሻል? ካልሰማሽው ድምፁ እዚያ ላይ ከፍ ብሎ ነበር ማለት ነው። ተመለስ በይው።

ልጅሽ፤

እህትህ።